ሽንት ሲቀላ ማን ይፍረድ?

ዛሬ የምንነጋገረው ብዙ ሰው ለትዳር ጓደኛው እንኳ ስለማይናገረው ነገር ነው፤ ደም ስለቀላቀለ ሽንት። በደቡብ ወሎ፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦም ሆነ በሳይንት አንድ ሰው ጠዋት ሽንቱ ቀልቶ ቢያይ ሦስት አራት ፍርድ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። አንዱ «ጨብጥ ነው፣ ጨረቃ ላይ ሸንተህ ነው» ይለዋል። ሌላው «ኩላሊት ነው፣ የገብስ ውሃ ጠጣበት» ይላል። ጤና ጣቢያ ከደረሰም «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን» ተብሎ ሲፕሮ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሽንቱ ይጠራል፤ ሰውየውም የገብሱ ውሃ ወይም ክኒኑ አዳነኝ ብሎ ነገሩን ይረሳዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሕመም የሌለው የሽንት ደም ጠባዩ መጥቶ መሄድ ነው፤ ክኒን ቢዋጥም ባይዋጥም ይቆማል፣ ወር ወይም ዓመት ቆይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ደሙ መቆሙ የመዳን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የዛሬው ዝግጅት የሚከራከረው ለአንድ ነገር ነው፦ የሽንት ደም መነሻው በግምትም በመድኃኒት ሙከራም አይታወቅም፤ የሽንት ፊኛው ወይም ኩላሊቱ ውስጥ ያለው ነገር ናሙናው ተወስዶ፣ በተገቢው ቀለም ተነክሮ፣ ሲያስፈልግ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ለዚህ ክርክር የመረጥነው ምስክር አሚሎይድ የሚባል ብዙ ያልተነገረለት በሽታ ነው፤ ምክንያቱም ዓይንን እንደ እሱ የሚያታልል ጥቂት ነው።

ከዚያ በፊት ግን መንገዱን እንጥረግ። የቀላ ሽንት ሁሉ ደም አይደለም። የቲቢ ሕክምና ላይ ያለ ሰው የሚወስደው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ቀይ ያደርጋል፤ ይህ የመድኃኒቱ ቀለም ስለሆነ አያስደነግጥም፣ መድኃኒቱንም አያስቋርጥም። ቀይ ሥር በብዛት የበላ ሰውም እንዲሁ ያያል። በወር አበባ ጊዜ የተሰጠ ሽንትም ያሳስታል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቀላል የላቦራቶሪ ምርመራ የሚሆነው፦ ሽንቱን በመመርመሪያ ወረቀት ማየት፤ ወረቀቱ ደም ካሳየ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስ መኖሩን በማይክሮስኮፕ ማረጋገጥ። ደም መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የመነሻው ዝርዝር ረጅም ነው፤ ጠጠር፣ ኢንፌክሽን፣ የኩላሊት ወይም የፊኛ ቲቢ፣ የፕሮስቴት እጢ፣ የፊኛ ካንሰር፣ የኩላሊት ማጣሪያ ብግነት። ቢልሃርዚያም ስሙ ይነሳል፤ እዚህ ላይ ግን ደጋማው ወሎ ራሱን የቻለ ማስረጃ አለው። በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት ቢልሃርዚያ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ሲያስተውሉ ይታገሉት የነበረው የአንጀቱን ዓይነት ነው፤ በሰሜኑ ክፍል በብዛት የሚታወቀውም እሱ ነው። ሽንትን የሚያደማው ሁለተኛው ዓይነት ግን የሚገኘው በተወሰኑ ቆላዎች፣ ማለትም በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በዋቢ ሸበሌ ሸለቆና በሱዳን ጠረፍ ኩርሙክ አካባቢ ነው። እንግዲህ መካነ ሰላም ላይ ተወልዶ አፋር የእርሻ ሥራ ሄዶ የማያውቅ ሰው ሽንቱ ሲደማ «ቢልሃርዚያ ይሆናል» ብሎ መድኃኒት መስጠት ካርታውን ሳያዩ መንገድ እንደመጀመር ነው። ለወራት አፋር ውስጥ አሚባራ የቀን ሥራ ሠርቶ ለተመለሰ ወጣት ግን ጥያቄው ተገቢ ነው። «የት የት ሠርተሃል?» የሚለው ጥያቄ ምንም አያስከፍልም።

አሁን ወደ አሚሎይድ እንለፍ። ሰውነታችን በየቀኑ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን ይሠራል፤ እያንዳንዱም የራሱ አጣጣፍ አለው። አንዳንዴ አጣጣፉ ይበላሻል፤ የተበላሹት እርስ በርሳቸው ተያይዘው ቀጫጭን ክሮች ይሆኑና በሕዋሳት መካከልና በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጋገራሉ። ባና የሚሠሩ ሰዎች እንደሚያውቁት የበግ ጠጉር ርሶና ተረግጦ ከተጣበቀ በኋላ ፈትሎ መመለስ አይቻልም፤ ይህም ክምችት እንዲሁ ነው፣ ሰውነት በቀላሉ አይፈታውም። ክምችቱን ሊፈጥሩ የሚችሉ ፕሮቲኖች ከሠላሳ በላይ ሲሆኑ በሽንት አካላት ላይ ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ኤኤል ይባላል፤ ፀረ እንግዳ አካል ከሚያመርቱት የፕላዝማ ሕዋሳት የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ኤኤ ነው፤ ለዓመታት ሳይድን በቆየ ብግነት ጊዜ ጉበት ከሚያመርተው ፕሮቲን ይፈጠራል። ይህ ሁለተኛው ነው ከአካባቢያችን በሽታዎች ጋር በቀጥታ የሚገናኘው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

አሚሎይድ የሽንት ፊኛ ውስጥ ብቻ ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ ኤኤል ዓይነቱ ነው፤ እዚያው የሚመረት፣ ወደ ሌላ አካል የማይዛመት። በሕክምና ጽሑፍ የታወቀው ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሲሆን በዓለም ዙሪያ የተመዘገበው ጥቂት መቶ ነው። ምልክቱ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ሳያም በድንገት የሚመጣ የሽንት ደም። ይህ ደግሞ የፊኛ ካንሰር ዋነኛ ምልክት ነው። አልትራሳውንድ ሲነሳ የፊኛው ግድግዳ ወፍሮ ወይም እብጠት ይዞ ይታያል፤ እንደ ካንሰር። ስፔሻሊስቱ ቀጭን መሣሪያ በሽንት መውጫ አስገብቶ፣ ማለትም በሲስቶስኮፒ፣ በቀጥታ ሲያየው ቀላ ወይም ቢጫማ ሆኖ የሚደማ እብጠት ያገኛል፤ አሁንም እንደ ካንሰር። የልምድ ብዛት እዚህ አይረዳም፤ እጅግ የተካነ ሐኪምም በዓይኑ ብቻ ሁለቱን አይለይም። ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ ላይ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ቱቦው ይጠባል፣ ኩላሊቱ ያብጣል፣ ምስሉ ካንሰር ይመስላል፤ በሌላው ዓለም ካንሰር ነው ተብሎ ኩላሊቱም ቱቦውም ከወጣ በኋላ የናሙና ምርመራው (ፓቶሎጂው) «ካንሰር የለም፣ አሚሎይድ ነው» ያለበት ጊዜ ተመዝግቧል። አንድ ኩላሊት ከወጣ በኋላ የሚመጣ ትክክለኛ መልስ ለታማሚው ምን ይጠቅመዋል?

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? የሳይንሱ ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1854 ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርሖ በአዮዲን ሲነክረው እንደ ስታርች ቀለም ሲቀይር አይቶ የስታርች ዘመድ መሰለው። ከአምስት ዓመት በኋላ ፍሪድራይኽና ኬኩሌ መርምረው ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ። የዘመኑ ታላቅ ፓቶሎጂስት እንኳ በአንድ ቀለም ተሳስቷል ማለት ነው። በ1922 ሃንስ ቤንሆልድ ኮንጎ ሬድ የሚባለው የጨርቅ ማቅለሚያ አሚሎይድ ላይ እንደሚጣበቅ አሳየ። በ1927 ቤልጂጋዊው ፖል ዲቭሪ ቀለሙን የያዘው ናሙና በፖላራይዝድ ብርሃን ሲታይ የፖም ዓይነት አረንጓዴ እንደሚያበራ ገለጸ። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የአሚሎይድ መለያ እስከ ዛሬም ይኸው ነው። የተለመደው የላቦራቶሪ ቀለም አሚሎይድን ሮዝ ቀለም ያለው ቅርጽ የለሽ ነገር አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ ይህም ከአሮጌ ጠባሳ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ኮንጎ ሬድ እንዲደረግ ያላሰበ ፓቶሎጂስት «ካንሰር የለም፣ የቆየ ብግነት ነው» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ናሙናውም ከተለመደው ወፈር ተደርጎ፣ ከስምንት እስከ አስር ማይክሮን ያህል፣ ካልተቆረጠ ትንሽ ክምችት ሊያመልጥ ይችላል። በዚህ የተነሳ ከናሙናው ጋር የሚላከው ወረቀት ክብደት አለው። «የፊኛ እብጠት» ብቻ ከሚል ወረቀት ይልቅ «ሕመም የሌለው የሽንት ደም፣ ከዓመታት በፊት ቲቢ ታክሟል፣ አሚሎይድም ይታይልን» የሚል ሁለት መስመር የፓቶሎጂስቱን እጅ ወደ ትክክለኛው ቀለም ይመራል። በእኔ እምነት በሩቅ ወረዳ የሚሠራ ሐኪም ለዚህ ምርመራ ሊያበረክት ከሚችለው ሁሉ ትልቁ ይህ ሁለት መስመር ነው።

አሚሎይድ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ደግሞ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ግድ ነው፤ የኤኤልና የኤኤ ሕክምና ፈጽሞ አይገናኝምና። ይህ በፀረ እንግዳ አካል ማቅለሚያዎች ይሠራል፤ የላቀው ዘዴ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ነው፤ እሱ በጣም ጥቂት ቦታ ያለ በመሆኑ ናሙና መላክ ይጠይቃል። ከዚሁ ጋር የደምና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የመቅኔ ምርመራ ይጨመራል፤ ክምችቱ ፊኛው ላይ ብቻ ነው ወይስ ልብና ኩላሊትም ገብቷል የሚለውን ለመመለስ።

ኩላሊት ላይ የሚቀመጠው አሚሎይድ ከፊኛው ይልቅ ለእኛ ይቀርባል፤ የሚያሳዝነው ግን ደም ስለማያሳይ ማንንም አለማስደንገጡ ነው። ማጣሪያው ይበሳሳና ፕሮቲን ወደ ሽንት ይፈስሳል፤ ሽንቱ አረፋ ያወጣል፣ ቶሎም አይጠፋም፤ ጠዋት ዓይን ዙሪያ፣ ማታ እግር ያብጣል። ኤኤ የሚባለው ዓይነት መነሻው ለዓመታት የዘለቀ ብግነት ነው ብለናል፤ ቲቢ፣ የሥጋ ደዌ፣ መግል እያወጣ የሚቆይ የአጥንት ቁስል፣ የመገጣጠሚያ ብግነት። ለታሪክ ሰዎች በሃይማኖት ጉባኤው የሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ለሐኪሞች የሚታወቀው በሥጋ ደዌ ሕክምናው ነው፤ ከደሴ አጠገብ ያለው ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት ከወሎ ዙሪያ የሚመጡ የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ሲቀበል የኖረ ነው። የሥጋ ደዌና የኩላሊት አሚሎይድ ዝምድና በአሜሪካ ሉዊዚያና ካርቪል በሚባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጥናት ተጽፏል። ይሁን እንጂ በሌሎች አገሮች የተገኘው ድርሻ ከካርቪሉ በጣም ያነሰበት ጊዜ ስላለ የካርቪልን ቁጥር አምጥተን ወሎ ላይ መለጠፍ አንችልም። የምንችለው ርካሹን ነገር ነው፦ የሥጋ ደዌ፣ የቆየ ቲቢ ወይም የማይደርቅ ቁስል ላለበት ሰው በየቀጠሮው ሽንቱን ለፕሮቲን ማየት። የመመርመሪያው ወረቀት ግን ወሰን እንዳለው ይታወቅ። በዋናነት የሚይዘው አልቡሚንን ነው፤ ከፕላዝማ ሕዋሳት የሚመጣውን ቀላል ሰንሰለት ፕሮቲን ሊስተው ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ «የለም» ቢልም እግር እያበጠ ከቀጠለ ምርመራው አላለቀም። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ፕሮቲን የሚያፈስስን ጎልማሳ ናሙና ሳይወሰድለት የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን ፕሬድኒሶሎን እየሰጡ መሞከር አሚሎይድ ከሆነ አይጠቅመውም፤ ተደብቆ የተኛ ቲቢ ካለበት ደግሞ ሊቀሰቅስበት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። ወሊድ፣ ወባ፣ ቲቢ፣ የሕፃናት የምግብ እጥረት ባለበት አገር በዓለም ጥቂት መቶ ሰው ላይ ስለታየ የፊኛ በሽታ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ለአሚሎይድ ብቻ ተብሎ የተለየ ዘመቻ ይካሄድ ቢባል እኛም እንቃወም ነበር። ነገር ግን አሚሎይድን የሚያገኘው መንገድ ለአሚሎይድ ብቻ የተጠረገ አይደለም። ሽንትን መመርመር፣ አልትራሳውንድ ማየት፣ በሲስቶስኮፒ ናሙና መውሰድ፣ ናሙናውን ፓቶሎጂ መላክ የፊኛ ካንሰርንም የፊኛ ቲቢንም የሚያገኘው ያው መንገድ ነው። ዛሬ «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ ከሚመለሰው ሰው መካከል አሚሎይድ ያለበት በጣም ጥቂት ይሆናል፤ ካንሰር ያለበት ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ካንሰር ደግሞ ቶሎ ሲገኝ በፊኛው ውስጥ ተፍቆ ሊወጣ የሚችል፣ ሲዘገይ ግን የሚገድል ነው። በተጨማሪም ብርቅ ነው የሚባለው ቁጥር የሚቆጠረው ከተመረመረው ሰው ነው። ናሙና በማይወሰድበት አገር ማንኛውም በናሙና የሚታወቅ በሽታ ብርቅ ሆኖ ይቀራል። ይህን ስል በደቡብ ወሎ አሚሎይድ ተደብቆ ሞልቷል ማለቴ አይደለም፤ አልታየም ማለት የለም ማለት እንዳይመስለን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ርቀት ነው። መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከወግዲ ወይም ከሳይንት ቆላ ወደ አባይና በሽሎ ከሚወርዱት ቀበሌዎች ለሚነሳ ሰው መካነ ሰላም ራሷ ሩቅ ናት። የሽንት ስፔሻሊስትና ፓቶሎጂ ያለው በትልልቅ ከተሞች ነው፤ ደሴ ሆስፒታልም በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተዘርፎ ከባድ ጉዳት ደርሶበት እንደነበር የሚታወቅ ነው። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ይህን ሁሉ መካድ አይቻልም። ግን የትኛው ሥራ የትኛውን ርቀት እንደሚጠይቅ እንለይ። የሽንት ምርመራ ጤና ጣቢያ ይሠራል። አልትራሳውንድ መካነ ሰላም ላይ ካለ ሆስፒታል የሚጠበቅ ነው። ሲስቶስኮፒ በእርግጥ ሰውየው ራሱ እንዲሄድ ያስገድዳል፤ አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሰውየውን አይፈልግም። ፎርማሊን ውስጥ በአግባቡ የገባ ናሙና ከደሴ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሲጓዝ አይበላሽም፤ በሰም ከተቀረጸ በኋላ ደግሞ ለዓመታት ይቀመጣል፣ እንደገና ተቆርጦ በሌላ ቀለም ሊታይ ይችላል። ጥንቃቄው ቀላል ቢሆንም ጥብቅ ነው፦ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ፣ ከናሙናው አስር እጥፍ በሚሆን አስር ከመቶ ፎርማሊን፣ ስምና ቀን ተጽፎ። በውሃ ወይም በደረቅ ጎዝ ተጠቅልሎ የተላከ ናሙና መንገድ ላይ ይበሰብሳል ወይም ይደርቃል። ቲቢም ከተጠረጠረ ከናሙናው ከፊሉ ፎርማሊን ሳይነካው ለባክቴሪያ ምርመራ መለየት አለበት፤ ፎርማሊን ጀርሙን ይገድላልና። ኮንጎ ሬድ ውድ ቀለም አይደለም፤ ፖላራይዝድ ብርሃንም ተራ ማይክሮስኮፕ ላይ ሁለት ማጣሪያ በመጨመር ይገኛል። ስለዚህ ዋናው እጥረት ገንዘብ ብቻ ነው የሚለው ሙሉ እውነት አይደለም፤ ናሙናውን የሚያደርስና ውጤቱን የሚመልስ ሥርዓት ነው በይበልጥ የጎደለው። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ውጤቱ ነው፤ ተሠርቶ ሳለ ወሳጅ አጥቶ መዝገብ ውስጥ ይቀራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከቤተሰብ ነው የሚመጣው፦ «ብረት ከነካው ይስፋፋል፤ አታስቆርጠው።» ይህ አባባል ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ሰው ሆስፒታል የሚሄደው በሽታው ከጠና በኋላ ነው፤ ናሙና ከተወሰደ ጥቂት ወራት በኋላ ሲሞት ተወቃሹ ብረቱ ይሆናል። የፊኛ እብጠት ግን በመሣሪያ ተፍቆ መውጣቱ ምርመራም ሕክምናም ነው፤ ፊኛው ላይ ብቻ የተቀመጠ አሚሎይድም በዚሁ መንገድ ይወጣል። ሊመለስ ስለሚችል ግን በየጊዜው መታየት ይኖርበታል። ከፍርሃቱ ውስጥ እውነት ያለበት ጎን መድማቱ ነው። አሚሎይድ የተጋገረበት የደም ሥር ተሰባሪ ነው፤ በኤኤል ደግሞ ደም የሚያረጋው ንጥረ ነገር ሊያንስ ይችላል። ኩላሊት ላይ በመርፌ ናሙና ከመውሰድ በፊት የደም መርጋት ምርመራ የሚደረገው ለዚህ ነው። አማራጭም አለ። በአካል የተሰራጨ አሚሎይድ ሲጠረጠር ከሆድ ቆዳ ሥር በመርፌ ጥቂት ስብ ተወስዶ በኮንጎ ሬድ ይታያል፤ ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የታወቀ ነው፣ ማደንዘዣውም ሥራውም ቀላል ነው። ስቡ ላይ ካልተገኘ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ በተለይ ፊኛው ላይ ብቻ የተቀመጠው በሆድ ስብ አይገኝም።

ሕክምናው የሚወሰነው በዓይነቱ ነው። ኤኤ ከሆነ መድኃኒቱ የሚሰጠው ለመነሻው ነው፤ ቲቢውን እስከ መጨረሻ ማከም፣ የአጥንቱን ቁስል ማድረቅ፣ የሥጋ ደዌውን ሕክምና አለማቋረጥ። ብግነቱ ሲበርድ የክምችቱ መጨመር ይቀንሳል፣ ኩላሊቱም እፎይ ሊል ይችላል። ኤኤል ተሰራጭቶ ከሆነ ለመቅኔ ካንሰር የሚሰጡት ዓይነት መድኃኒቶች ያስፈልጋሉ። ሁለቱም ዘግይተው ከተገኙ መጨረሻው ዲያሊሲስ፣ ማለትም የኩላሊት እጥበት፣ ሊሆን ይችላል። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተደርጓል፤ ለወግዲ ገበሬ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ዲያሊሲስ ማለት ርስቱን ጥሎ ከተማ መኖር ማለት ነው። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር አንድ የሽንት ምርመራ ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ማስላት አያቅትም።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ሽንታችሁ አንድ ጊዜ እንኳ ቀልቶ ካያችሁ፣ ባያማችሁም፣ ቢቆምም፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሽንታችሁን አስመርምሩ፤ በተለይ ዕድሜያችሁ ከአርባ ካለፈ ወይም ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ አትዘግዩ። ማፈር አያስፈልግም፤ ሽንት የሚያደማው ነገር አብዛኛው ከአባላዘር በሽታ ጋር አይገናኝም። የቲቢ ወይም የሥጋ ደዌ ሕክምና ወስዳችሁ ከነበረ ባትጠየቁም ተናገሩ፤ አሚባራም ሆነ ሌላ፣ የሠራችሁበትን ቦታም ጨምሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እግሩ እያበጠ አረፋ የሚሸናን ሰው «ምች ነው» ተብሎ ቤት እንዳይቀር አድርጉ። የማኅበረሰብ ዐቀፍ የጤና መድን አባላት ከሆናችሁ የሪፈር ወረቀታችሁን ሳትይዙ አትነሱ። ናሙና ከተወሰደላችሁም የት እንደተላከ፣ መቼ እንደሚደርስ ጠይቁ፤ የመለያ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ውጤቱንም ራሳችሁ ወይም ቤተሰባችሁ ሄዳችሁ ተቀበሉ።